ሦስተኛው ፋኖስ

አቧራ የጠጣ ፕላስቲክ ሲግል የሚሸተው ሽታ ለሌላው ሰው ምንም አይደለም፤ ምናልባት «የሆነ ነገር እየተቃጠለ ነው» ብሎ ሶኬት ይነቅል ይሆናል። እኔን ግን ያ ሽታ አንጠልጥሎ አዋሽ ሰባት ኪሎ ይጥለኛል። በቀደም ቅዳሜ እዚህ ሰመራ፣ ቤቴ ውስጥ፣ ሎጊያ ካለ አሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛሁትን የጌም መሣሪያ ሰክቼ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሸተተኝ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝና «ጡረታህ እስኪደርስ እንኳ መጠበቅ አቃተህ?» አለችኝ። መቀለዷ ነበር። ዓይኔን ስታይ ግን ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ያኔ አዋሽ ባቡር የሚገባባት ከተማ ነበረች። የባቡሩ ጡሩምባ ከገደሉ ማዶ ሲሰማ ከተማው ሁሉ ወደ ጣቢያው ይጎርፋል፤ ባቡሩ ሲሄድ ከተማው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ከጣቢያው ወደ አስፋልቱ ስትወጣ፣ ከጎሚስታው አጠገብ፣ የጋሽ ንጉሤ ጌም ቤት ነበር። ጋሽ ንጉሤ ከባቡሩ ሥራ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የጡረታ ገንዘባቸውን ሁለት ቴሌቪዥንና ሁለት መሣሪያ ገዙበት። ግማሽ ሰዓት አንድ ብር ነው። ሰዓት ሲያልቅ በቃችሁ አይሉም፤ ከኪሳቸው የድሮ የባቡር ፊሽካቸውን አውጥተው ይነፉብናል። በዚያ ዘመን ሻይ ሃምሳ ሳንቲም፣ ፍርፍር ሦስት ብር፣ ከጅቡቲ በቦንዳ የመጣ ሰልባጅ ሸሚዝ ደግሞ ተከራክረህ አሥራ ሁለት ብር ነበር። ጎረቤት ያለው ካሴት ቤት ከጧት እስከ ማታ ያንኑ ካሴት ይደጋግማል። ክሩ ስለተጎዳ ዘፋኟ «ና» ስትል ካሴቱ ይይዛታል፤ «ናናናና» ብላ ትቀራለች። እስከ ዛሬ ያንን ዘፈን ደህናው ካሴት ላይ ስሰማው የጎደለ ነገር ያለው ይመስለኛል። አምና አዋሽ ላይ አውቶቡሳችን ለምሳ ሲቆም ሄጄ አየሁት፤ ጌም ቤቱ የሞባይል ሽፋን መሸጫ ሆኗል። ጎሚስታው ግን አለ።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም፣ ሸሚዜን ራሴ እተኩሳለሁ። የዓለምን ወንዞች ከነገባሮቻቸው በቃሌ የማስተምር ሰው ከሰዓት በኋላ ከራሴ ተማሪዎች ጋር አግዳሚ ላይ ተጋፍቼ ስቀመጥ ዳይሬክተሩ እንዳያየኝ ጀርባዬን ለበሩ እሰጣለሁ። ተማሪዎቹም አሳልፈው አይሰጡኝም፤ «ቲቸር ዛሬ አልመጣም» ይሉልኛል። ያሰረኝ አንድ ጨዋታ ነበር። አንድ መንገደኛ ፋኖስ ይዞ አገር ላገር ይዞራል፣ ሰው ያገኛል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል፣ በመጨረሻ የብረት በር ላይ ይደርሳል። ዲስኩ ከጅቡቲ የመጣ ኮፒ ነው፤ ጽሑፉን ማናችንም ማንበብ አንችልም። ስሙንም ስላላወቅን «ፋኖስ» አልነው። ቁጥር ነበረው፦ ፋኖስ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይሄዳል። እኛ ጋ አንደኛው ሲደርስ ሌላው ዓለም አራተኛውን ጀምሯል ተባለ። እኛን ምን ገዶን። ሰው ጠግቦ የተወውን በርካሽ እያነሱ ከኋላ ከኋላ መከተል ነበር ዘዴያችን። «ጌም ሥጋ አይደለም፤ ቢቆይ አይሸትም» ይል ነበር ሐመዱ።

ሐመዱ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር፤ የሎጊያ ልጅ፣ አፋር። ረጅም ነው፤ ሽርጡን ከፍ አድርጎ ይታጠቃል፣ መፋቂያው ከአፉ አይወርድም፣ ፀጉሩ ላይ የእንጨት ሚዶ ይሰካል። የተዋወቅነው መኪናው ጎሚስታው ጋ ጎማ ሲያስለጥፍ ነው። ገብቶ ከኋላዬ ቆመ። እኔ ያገኘሁትን ሁሉ እየመታሁ ነበር የምሄደው፤ ያ የመንገደኛው አገር ሰው አልቋል። ትከሻዬን ነካ አደረገኝና «አስተማሪ፣ እሱን ሰውዬ አትምታው። መንገድ ላይ የቆመ ሰው የሚነግርህ ነገር አለው» አለኝ። ዱላዬን ዝቅ አደረግኩ። ሰውየው ቁልፍ ሰጠኝ። ለሁለት ሳምንት ስፈልገው የነበረውን ቁልፍ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐመዱ በአዋሽ ሲያልፍ ጌም ቤት ሳይገባ አላለፈም።

ዳጉን ያስተማረኝ እሱ ነው። አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ሰላም ብሎ ብቻ አይተላለፍም። እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ዳጉ ይባባላሉ፦ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ወለደ፣ ማን ሞተ። የሰማ ሰው ለሚቀጥለው ያደርሳል፤ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ። እኔ የደጋ ሰው ነኝና ወሬ ማጣፈጥ አውቃለሁ፤ ሳቅኩበት። እሱ አልሳቀም። «ውሃ አለ ብለህ ሰው ልከህ ውሃው ከሌለ፣ ገደልከው ማለት ነው» አለኝ።

ሎጊያም አንድ ጌም ቤት ነበር። ስለዚህ ለሁለት አንድ ጨዋታ መጫወት ጀመርን። ጨዋታው የደረሰበትን የምታስቀምጥ ከክብሪት ሳጥን የማትበልጥ ካርድ አለች። እኔ አዋሽ ላይ የተወሰነ እሄዳለሁ፤ ካርዷን በሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልዬ ወደ ሎጊያ ለሚሄድ ሹፌር እሰጣለሁ፤ ሐመዱ እዚያ ይቀጥላል፤ መልሶ ይልካል። ከካርዷ ጋር ዳጉ ይመጣል። ሹፌሩ ሞተር ሳያጠፋ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አስተማሪ፣ ሐመዱ ዳጉ አለው» ይለኛል፤ የጉድጓዱ ውሃ ተመርዟል፣ ሻጯ አሮጊት ሌባ ናት፣ ከዋሻው በስተግራ ጋሻ ተደብቋል። አንዱ አዲስ ሹፌር ይህን ሁሉ በታማኝነት ካደረሰልኝ በኋላ ለፖሊስ እንናገር ወይ ብሎ ጠይቆኛል። አንድ ሕግ ብቻ ነበረን። የመጨረሻውን የብረት በር በተራ እንከፍታለን። ተራው ያልሆነ ሰው በሩ ላይ ሲደርስ ቆሞ ካርዷን ይልካል። አንድ ጨዋታ ሲያልቅ ካርዷ ውስጥ ስሙ አጠገብ ያለችው ትንሽ ፋኖስ ትበራለች። የአንደኛውን ሐመዱ አበራ። የሁለተኛውን እኔ። የሦስተኛው ተራ የእሱ ነበር።

ሦስተኛውን በር ቀድሜ የደረስኩበት እኔ ነኝ። በዚያው ሳምንት ሐመዱ በዚያው መስመር ያለችውን አዳይቱን እንዳለፈ መኪናው ተገለበጠ። ረዳቱ ያለ ጭረት ወጣ፤ የእሱ ቀኝ እግር ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሎጊያ ቤቱ ተኝቶ ዳጉ ላከብኝ፦ «ነፍሴ አለች፣ አልሃምዱሊላህ። መሣሪያና ቴሌቪዥን አልጋዬ ድረስ አምጥተውልኛል። ካርዷን ላክልኝ፣ በሩን ተኝቼ እከፍታለሁ። አንተም ስትችል ና።» ና ብሎኛል። የታመመ መጠየቅ እኛም አገር ያለ ነው፤ ማንም አላስተማረኝም ማለት አልችልም። የአንድ ቀን መንገድ ነው። ፈተና እያረምኩ ነው አልኩ። ፈተናውን አርሜ ጨረስኩ፤ አልሄድኩም።

ካርዷን ልልክ ባሰብኩበት እሑድ ከሰዓት በኋላ ጌም ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ለመጨረሻ ጊዜ ልያት ብዬ ከፈትኳት፤ መንገደኛው በሩ ፊት ቆሟል። ከኋላዬ አንዱ «ለምን አይገባም?» አለ። ሌላው «ቲቸር ፈርቷል» አለ። ይህችው ናት። ሠላሳ አራት ዓመት የሞላኝ ሰው «ፈርቷል» ስለተባልኩ የወዳጄን በር ከፈትኩ። ከበሩ ኋላ ምን እንዳየሁ በቦታው እናገራለሁ። ጨዋታው አልቆ ሰው አጨበጨበ። አስቀምጥ ሳልለው መሣሪያውን አጠፋሁት፤ ስለዚህ ካርዷ ላይ አልተመዘገበም፣ ነገሩ እንዳልተደረገ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በማግስቱ ጠዋት ካርዷን ጠቅልዬ ለሹፌሩ ዳጉ ነገርኩት፦ «በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አልነካሁትም። ተራው ያንተ ነው።»

ለካ ሦስተኛው ጨዋታ ሲያልቅ ራሱ ይመዘግባል። ሐመዱ ካርዷን ሲያስገባ ፋኖሷ በርታ ነበር የጠበቀችው።

ሹፌሩ በአምስተኛው ቀን ተመለሰ። ካርድ የለም። ምን አለ ብዬ ጠየቅኩት። ካርዷን አስገብቶ አየ፣ አወጣት አለኝ። ከዚያስ አልኩ። ሹፌሩ መሪውን እያየ ተናገረ፤ አፋር ነውና ለመናገሩ ራሱ አፍሯል።

«ለአስተማሪ ዳጉ የለኝም አለ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት እንዴት ልቁጠረው። ባቡሩ ቀረ። ጋሽ ንጉሤ ሞቱ፤ ፊሽካቸውን ማን እንደወሰደው አላውቅም። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ማስተማሩን ትቼ በቢሮ ሥራ ወደ ሰመራ ተዛወርኩ። ሰመራ ማለት ሎጊያ ማለት ነው፤ በባጃጅ ሻይ ሳይበርድ ትደርሳለህ። አሥራ አንድ ዓመት ከሐመዱ ቤት የባጃጅ መንገድ ላይ ኖርኩ። በመጀመሪያው ወር እሄዳለሁ አልኩ። በሁለተኛው ወር ምን ብዬ እሄዳለሁ አልኩ። ቆይቶ ደግሞ ይህን ያህል ቆይቼ እንዴት እሄዳለሁ ማለት መጣ። አንድ ጊዜ ሎጊያ ነዳጅ ማደያው ጋ አየሁት። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ቀኝ እግሩን ይጎትታል፣ መፋቂያው አፉ ውስጥ ናት። ባጃጁ ውስጥ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ያሰርኩ መሰልኩ። ያደረግኩት ክር የሌለው ጫማ ነበር።

የዛሬ ወር ገደማ ቢሮዬ አንዲት ወጣት ገባች። ጥቁር ሻርፕ ተከናንባለች፣ በእጇ የፕላስቲክ ፌስታል ይዛለች። «አስተማሪ መኮንን እርስዎ ነዎት?» አለች። እዚህ ሁሉም አቶ መኮንን ነው የሚለኝ፤ በአስተማሪ የሚጠሩኝ በዓለም ላይ ሐመዱና ዳጉውን የሚያደርሱ ሹፌሮች ብቻ ነበሩ። ልቤ ቀድሞ አወቀ። ፋጡማ እባላለሁ፣ የሐመዱ ልጅ ነኝ፣ ነርስ ነኝ አለች። አባቷ ከሞተ ሦስት ወር ሆኖታል፤ ኩላሊት ነው። ለቅሶውን ያልደረስኩለት የወዳጄ ልጅ ፊቴ ተቀምጣ እኔን የምታጽናና መሰለች። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ፤ ያዝኩት።

«ዳጉ አለኝ» አለች። «አባቴ ነው ያለው፣ እኔ የጨመርኩት የለም። ፋኖስ አራት፣ አምስት፣ ስድስት በአዲሷ ካርድ ላይ አሉ። የድሮዋም ካርድ አለች። የእኔ መሣሪያ ተቃጥሏል፤ አዲስ እንዳትገዛ፣ ሎጊያ አሮጌው በርካሽ አለ፣ ሁለቱንም ካርድ ይቀበላል። ከአራተኛው ጀምር፣ አትዝለል። ሦስተኛውን መጨረሻ ላይ እይ። አለቀ።»

እዚህ መሆኔን ያውቅ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሰመራ በገባሁ በሁለተኛው ቀን ሰምቶ ኖሯል። በዳጉ አገር ሌላ ምን ልጠብቅ። ታዲያ ለምን አልመጣም አልኩ፤ ያን ለመጠየቅ ፊት የነበረኝ ይመስል። እሷም ይህንኑ ጠይቃው ነበር።

«ዳጉ ያለው ሰው ነው የሚመጣው አለኝ» አለች።

ይቅር ብሎኛል ወይስ ተቀይሞኝ ሞተ ብዬ መጠየቅ ግን አልቻልኩም። ልጅቷ ይህን አታውቅም። የሚያውቁት ፌስታሉ ውስጥ ያሉት ሁለት ካርዶች ናቸው።

በዚያው ሳምንት ሎጊያ ወርጄ መሣሪያ ፈለግኩ። ስምንተኛው ፋኖስ አሁን ወጥቷል አሉኝ፤ ከነመሣሪያው የብዙ ወር ደመወዜን ይበላል። እኔና ሐመዱ ግን በዚያ መንገድ ሄደንም አናውቅም። ሞባይል ጠጋኙ ጋ፣ የተበላሹ ሬዲዮኖች ሥር፣ አሮጌው መሣሪያ ተገኘ፦ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ያሉትን ዲስኮች በስድሳ በስድሳ ብር ኮፒ አደረገልኝ። ለማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ለራሴ አልኩት። ጠጋኙ ጺም ያለው ሰውዬ ነው፤ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ሁለተኛ ጆይስቲክ ጨመረበት። «ይሄን መርቄልሃለሁ ፋዘር፤ ለብቻ አይሆንም» አለኝ። አመስግኜ ወጣሁ፤ መንገድ ላይ እንባዬ መጣ።

አራተኛውን ሳስገባ መንገደኛው የብረቱ በር ፊት ቆሟል። ከረጢቱ ሙሉ ነው፣ መድኃኒቱ አልተነካም፣ ጋሻው ታድሷል። ስሙ አጠገብ ያለችው ፋኖስ አልበራችም። ታሞ ያቋረጠው መሰለኝ። አምስተኛውን አየሁ፦ ፋኖሷ በርታለች፣ ጨርሶታል። ስድስተኛውን አየሁ፦ እንደገና በሩ ፊት ቆሟል፣ ከረጢቱ ሙሉ፣ ፋኖሷ ጨለማ። ጆይስቲኩን እንደያዝኩ በጣቴ ቆጠርኩ። አንደኛው የእሱ፣ ሁለተኛው የእኔ፣ ሦስተኛው የእሱ፣ አራተኛው የእኔ፣ አምስተኛው የእሱ፣ ስድስተኛው የእኔ። ዳጉ የለኝም ያለኝ ሰው ይህን ሁሉ ዓመት ተራዬን ጠብቆልኛል። ብቻውን ተጫውቶ፣ የእኔን በር ሳይነካ፣ ስንቅ ሞልቶ አስቀምጦልኛል። በረሃ ለሚያቋርጥ ሰው ውሃ እንደሚተው። እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ አላፍርም። ባለቤቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ስለ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

አራተኛውንና ስድስተኛውን በሮች በሁለት ቅዳሜ ከፈትኳቸው። እጄ አርጅቷል፤ መብራት እየሄደ እየመጣ፣ ሙቀቱም እንደምታውቁት ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ላይ የደረስኩት በቀደም፣ ያ ሽታ በሸተተኝ ቅዳሜ ነው። እኔ ያበራኋትን፣ የሰረቅኳትን ፋኖስ ላያት የድሮዋን ካርድ አስገባሁ። አልበራችም። የእኔን መዝገብ አጥፍቶታል። ቁጥሩን ማንበብ እችላለሁና የተጫወተበትን ሰዓት አየሁ፤ እኔ ከላክሁት ሌላ ነው፤ ከመጀመሪያው፣ ከባዶ፣ በዚያ በታሰረ እግሩ ይሁን ከዳነ በኋላ አላውቅም፣ ጉድጓዱንም፣ ሌባዋን አሮጊትም፣ ዋሻውንም እንደገና ሁሉንም ሄዶበታል። ሄዶ ሄዶ በሩ ፊት ቆሟል። ተራው የእሱ ነበር። ማንም አልከለከለውም። አልከፈተውም።

እናቴ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትል ነበር። የእኔ ብዙ አደረ። ሐመዱ የሚጠብቀው በሩን አልነበረም፣ የእኔን ዳጉ ነበር። እንደገና በሩ ላይ ያቆመው «አልነካሁትም» ያልኩት ቃል ዳግም እውነት ሆኖ እንዲገኝ ነው፤ እኔ የቀረኝ ሄዶ መናገር ብቻ ነበር። የባጃጅ አሥር ብር። አንድ ዓረፍተ ነገር። ይቅር ብሎኛል፤ አሁን አውቃለሁ። ይቅር ባይለኝ ይሻል ነበር የሚያሰኝ ነገር ያለው ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ይቅርታው ካርዷ ውስጥ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ እኔ ባጃጅ ውስጥ የሌለ የጫማ ክር አስር ነበር።

ትናንት ፋጡማን ደውዬ ጠራኋት። ከሥራ ወጥታ መጣች። ሳሎን አስቀመጥኳትና እጄን ዘረጋሁ፤ ገባት፣ ያዘችኝ።

«ለሐመዱ ዳጉ አለኝ» አልኩ። «ሦስተኛውን በር ከፍቼዋለሁ። ሰው ፈርቷል ስላለኝ ነው። ከፍቼው አልነካሁትም ብዬ ላክሁብህ። ዋሽቻለሁ። ታመህ ና ብለኸኝ አልመጣሁም። ማደያው ጋ አይቼህ ተደብቄያለሁ። ከበሩ ኋላ ያለው ጭራቅ አይደለም፤ ትንሽ ክፍል ናት፣ ሁለት ወንበር አለ። መንገደኛው ፋኖሱን መሐል አስቀምጦ አንዱ ላይ ይቀመጣል። ሌላው ባዶ ነው፤ ጨዋታው እዚያ ያልቃል። አንተ ሳታየው እንደሞትክ አሁን አወቅኩ። በሩን እንደተውከው ትቼዋለሁ፤ ተራው ያንተ ነው። አለቀ።»

ፋጡማ እጄን ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችም። በአባቷ ዓይን አየችኝ፤ አልቆጣችም፣ አላጽናናችኝም። ከዚያ ሻርፗን አስተካክላ ተነሣች።

«ሰምቻለሁ» አለች። «አርብ መቃብሩ ጋ እሄዳለሁ። አደርሳለሁ፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።»